የመብራት ማኅበር ትርፍ የማን ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለ አዲስ ሰፈር ነው የምንኖረው። መብራት በየጊዜው እየጠፋ ስላስቸገረን ሰፈርተኛው ተሰብስቦ የጋራ ሶላርና ባትሪ የሚያቆም የኅብረት ሥራ ማኅበር እንመሥርት ብሏል። እኔም አደራጅ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ገና አንድ ፓኔል ሳንገዛ በትርፍ ክፍፍል ተጣላን። ግማሹ ‹እኩል እንካፈል› ይላል፤ ግማሹ ‹በገዛነው ዕጣ ልክ› ይላል። በዚህ መሀል አሜሪካ ገጠር የምትኖረው እህቴ ከመብራት ማኅበሯ የደረሳትን ወረቀት ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ‹ካፒታል ክሬዲት› ይላል። በስሟ 412 ዶላር ተመዝግቧል፤ ገንዘቡን ግን አልሰጧትም። ይህ ማጭበርበር ነው ወይስ እኛም ልንማርበት የሚገባ አሠራር?»

ማጭበርበር አይደለም። እንዲያውም ያ ወረቀት ለእናንተ ጭቅጭቅ ጥሩ መልስ ይዟል። መጀመሪያ የእህትዎን ነገር ላስረዳና ከዚያ ወደ ለገጣፎ እመለሳለሁ።

አሜሪካ ውስጥ 900 ያህል የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። 42 ሚሊዮን ገደማ ሰው መብራት የሚያገኘው ከእነሱ ነው። አብዛኞቹ የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ያኔ ከተሜው መብራት ለምዷል። ከአሥር የገበሬ ቤት ዘጠኙ ግን በኩራዝ ያመሻል። የግል ኩባንያዎቹ ቤት ከቤት በተራራቀበት አገር ምሰሶ ተክለን ምን እናተርፋለን ብለው ገጠሩን ትተውታል። በ1935 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። በ1936 ሕጉ ወጣ። መንግሥት በዝቅተኛ ወለድ ያበድራል፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው ማኅበር መሥርተው መስመሩን ይዘረጋሉ። የአባልነት መዋጮው በብዙ ቦታ 5 ዶላር ነበር።

በ5 ዶላር መዋጮ ደግሞ የገጠር መስመር አይዘረጋም። ብድሩም ቢሆን ይመለሳል። ታዲያ እነዚህ ማኅበራት የራሳቸው የሚሉት ካፒታል ከየት መጣ? አባላቱ ከከፈሉት የመብራት ሒሳብ ላይ ከተረፈው ነው። የእህትዎን ወረቀት ለመረዳት ቁልፉ ይኸው ነው።

ማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ በኪሎ ዋት ሰዓት ያስከፍላል። ዋጋው ግን ግምት ነው። ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል፤ አውሎ ነፋስ ምሰሶ ሊገነድስ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይተምናል። ዓመቱ ሲዘጋ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፍ ነገር ይኖራል። ያ የተረፈው መልስ ነው። ሱቅ ሄደው ለ170 ብር ዕቃ 200 ብር ቢሰጡና ባለሱቁ «ዝርዝር የለኝም፣ ሌላ ቀን ይውሰዱ» ቢልዎ፣ ሠላሳዋ ብር የእርስዎ እንደሆነች አንድም ሰው አይጠራጠርም። የመብራት ማኅበሩም እንደዚያ ነው። ገንዘቡን ለጊዜው ይዞታል፤ ባለቤቱ ግን የከፈለው ሰው ነው። ብዙ የከፈለ ብዙ መልስ አለው፤ ትንሽ የከፈለ ትንሽ።

የአሜሪካ የግብር ሕግም ይህን አሠራር ይደግፋል። እንዲህ ያለ ማኅበር ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ የሚሆነው ከገቢው 85 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ከአባላቱ ሲሰበሰብ ነው። ለአባላቱ በወጪው ልክ እንዲሠራና ትርፉ የማን እንደሆነ በመዝገብ እንዲይዝም ይጠበቅበታል። ከባለአክሲዮን ኩባንያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በኩባንያ ትርፉ የሚሄደው ለባለአክሲዮን ነው። ባለአክሲዮኑ አንድ አምፖል ሳያበራም ይካፈላል። በማኅበሩ ግን የሚካፈለው ያበራው ሰው ነው።

አሁን ወረቀቱን ይክፈቱት። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁጥሮች ይኖራሉ። አንዱ ባለፈው ዓመት ከተረፈው ለእህትዎ የተመደበው ነው። ሁለተኛው ካለፉት ዓመታት ጀምሮ በስሟ የተጠራቀመው ድምር ነው፤ 412 ዶላሩ ይህ ይመስለኛል። ሦስተኛው በዚህ ዓመት በጥሬ የተመለሰላት ነው። ይህ የመጨረሻው ባዶ ሊሆን ይችላል። አዲስ አባል ከሆነች ባዶ መሆኑ አያስገርምም።

ለምን ወዲያው አይሰጧትም? ማኅበሩ ገንዘቡን ምሰሶና ሽቦ አድርጎታል። ይህን ባያደርግ በዚያ ልክ ተጨማሪ መበደር ነበረበት፤ ወለዱ ደግሞ ዞሮ የሚያርፈው ሒሳቧ ላይ ነው። አበዳሪውም ዝም ብሎ አያይም። ዋናው የመንግሥት አበዳሪ፣ ከማኅበሩ ጠቅላላ ንብረት የአባላቱ ድርሻ 30 በመቶ ደርሶ እንደሆነ ያያል። ከዚያ በታች ከሆነ ለአባላት የሚመለሰውን ይገድባል። ስለዚህ በአባላት የተመረጠው ቦርድ በየዓመቱ የማኅበሩን አቅም አይቶ ምን ያህል ይመለስ ብሎ ይወስናል። የተለመደው መንገድ የቆየውን መጀመሪያ መመለስ ነው። የዛሬ 20 ዓመት የከፈሉት ዘንድሮ ይወስዳሉ። የዘንድሮዎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተራው 15 ዓመትም 25 ዓመትም የሆነበት ቦታ አለ። አንዳንድ ማኅበራት ከቆየውም ከአዲሱም ይቆነጥራሉ፤ አዲሱ አባልም ገና በጊዜ የሆነ ነገር እጁ ይግባ ብለው ነው። ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ምንም ያላየ አባል ማኅበሩ የእሱ መሆኑን ይረሳል።

እህትዎ ማወቅ ያለባት ሌላም ነገር አለ። ገንዘቡ ወለድ አይወልድም። ከዚያ አካባቢ ብትለቅም በስሟ የተመዘገበው አይሰረዝም፤ ተራው ሲደርስ ይላክላታል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ቤት ይቀይርና አድራሻውን አያስመዘግብም። ቼኩ ይላካል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ስሙ ባለቤት ያልተገኘለት ገንዘብ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በለቀቀች ቁጥር አዲሱን አድራሻ ለማኅበሩ ታሳውቅ። ድንገት አንድ ነገር ብትሆንም ወራሾቿ መጠየቅ ይችላሉ። ብዙ ማኅበራት ለሟች ወራሽ ተራ ሳይጠብቁ ይከፍላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ቀድመው ስለከፈሉ ይቀንሳሉ። ቅናሹ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚከፈል 1,000 ዶላር በ5 በመቶ ተቀናንሶ ዛሬ ቢከፈል 377 ዶላር ገደማ ነው። ወራሽ ይህን አውቆ ይወስን፤ መጠበቅ የሚሻልበት ጊዜም አለና። ግብርን በተመለከተ፣ ለቤቷ የከፈለችው የመብራት ሒሳብ ተመላሽ ስለሆነ በአጠቃላይ እንደ ገቢ አይቆጠርባትም። የመብራት ሒሳቡን የንግድ ወጪ አድርጎ ከግብር ያስቀነሰ ነጋዴ ግን ተመላሹን ገቢ ብሎ ያስመዘግባል።

የእህትዎ ጉዳይ ይህን ያህል ይበቃዋል። ወደ እናንተ ልምጣ።

በመጀመሪያ፣ ይህ አሠራር ለእኛ አገር ባዕድ እንዳይመስልዎት። በግዢ ልክ መካፈል እ.ኤ.አ. በ1844 እንግሊዝ አገር ሮችዴል ላይ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ከከፈቱት ሱቅ ጀምሮ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ከሸጧቸው ጥቂት ዕቃዎች መካከል ሻማ ይገኝበታል፤ የመብራት ማኅበር ለምታቋቁሙት ለእናንተ ይህቺን ልንገራችሁ ብዬ ነው። እኛም ጋ አለ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከትርፉ 70 በመቶውን ለአባል ማኅበራቱ ይመልሳል። የኛም የኅብረት ሥራ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 ጀምሮ፣ ትርፍ የሚከፋፈልበትን ሁለት መንገድ ያውቃል። አንዱ አባሉ በያዘው ዕጣ ልክ ነው። ሌላው አባሉ ከማኅበሩ በገዛው ወይም ለማኅበሩ በሸጠው ልክ ነው። በሥራ ላይ ሳየው ግን አብዛኛው ማኅበር በመጀመሪያው ያተኩራል። ቀላል ነዋ። ዕጣ መቁጠር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ማን ምን ያህል እንደገዛ መከታተል ግን ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ ይጠይቃል። ስንት የሸማቾች ማኅበር አባል ዘይትና ስኳር የገዛበት ደረሰኝ የትም አልተመዘገበለትም። አባሉም ከሱቁ መግዛቱና አለመግዛቱ በክፍፍሉ ላይ ለውጥ ስለማያመጣ ቀስ በቀስ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።

ለእናንተ ግን ምዝገባው ችግር አይሆንም። መብራት በቆጣሪ ነው የሚሸጠው። ካርድ ቆጣሪ ካስገባችሁ እያንዳንዱ የካርድ ሙሌት በአባሉ ቁጥር ይመዘገባል። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ማን ምን ያህል እንደከፈለ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይወጣል። እናንተ ሳትለፉ የሚገኘውን መረጃ ሌላው ማኅበር ይመኘዋል።

ኮሚቴው ፊት የሚቀመጥ ምሳሌ ልሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የእናንተን ስታውቁ ትተኩበታላችሁ።

ማኅበሩ 150 አባላት አሉት እንበል። 1,000 ዕጣ ሸጧል። በዓመት ከአባላቱ የሰበሰበው 1,200,000 ብር ነው። ወጪው 1,080,000 ብር። የተረፈው 120,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ይነሣል፤ 36,000 ብር መሆኑ ነው። የሚከፋፈለው 84,000 ብር ይቀራል።

አሁን ሦስት አባላትን ውሰዱ። የመጀመሪያዋ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴልና ለሱፐርማርኬት የምታስረክብ እናት ናት። ሁለት ምጣድ ከንጋት ጀምሮ አይጠፋም። በዓመት 72,000 ብር ከፍላለች። 5 ዕጣ አላት። ሁለተኛው ጡረተኛ አባት ናቸው። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ቻርጅ ብቻ። 3,600 ብር ከፍለዋል። እሳቸውም 5 ዕጣ አላቸው። ሦስተኛው ቪላ ሠርቶ የዘጋው ሰው ነው። ራሱ ቦሌ ይኖራል፤ ግቢው ውስጥ ዘበኛ ብቻ አለ። የከፈለው 1,200 ብር ነው። አቅም ስላለው ግን 50 ዕጣ ገዝቷል።

እኩል እንካፈል ብትሉ ሁሉም 560 ብር ይደርሰዋል። በዕጣ ልክ ብትሉ ቤቱን የዘጋው ሰው 4,200 ብር፣ እንጀራ ጋጋሪዋ 420 ብር፣ ጡረተኛው 420 ብር ይወስዳሉ። በተጠቀሙበት ልክ ሲሆን ለእንጀራ ጋጋሪዋ 5,040 ብር፣ ለጡረተኛው 252 ብር፣ ለባለ ቪላው 84 ብር ይሆናል።

አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ያ 120,000 ብር ከማን ኪስ ወጣ? እያንዳንዱ ሰው ከከፈለው አሥር ብር አንዷ ብር ናት የተረፈችው። እንጀራ ጋጋሪዋ ብቻዋን 7,200 ብሩን አምጥታለች። እኩል ስትካፈሉ የእሷን ገንዘብ ለጎረቤት አደላችሁ። በዕጣ ስትካፈሉ ደግሞ ለዘጋው ቪላ አደላችሁ። ሁለተኛው ይብሳል። ያ ማኅበር የመብራት ማኅበር መሆኑ ቀርቶ አክሲዮን ኩባንያ ሆነ ማለት ነው።

«ጡረተኛውስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እኩል እንካፈል ከሚሉት ብዙዎቹ በጎ አስበው ነው። እኔም አስብላቸዋለሁ። አቅም የሌለውን መርዳት የሚቻለው ግን በትርፍ ሳይሆን በዋጋ ነው። የአገሪቱ የመብራት ታሪፍ የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በርካሽ እንደሚሸጠው፣ እናንተም የመጀመሪያውን ፍጆታ ዝቅ አድርጋችሁ ተምኑ። እሳቸው በየወሩ ይቀልላቸዋል። በዓመት አንዴ 300 ብር ከመጨመር ይህ ይሻላል። ሁሉም ሰው እያየው በግልጽ የተወሰነ ድጋፍም ይሆናል።

ዕጣ የገዛውንም ባዶ እጁን አትስደዱት። መጀመሪያ ላይ ፓኔሉ የሚገዛው በዕጣ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው አደጋ ወስዷል። ከሚከፋፈለው ውስጥ አነስ ያለ ድርሻ፣ ለምሳሌ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ለዕጣ አድርጉና የቀረው በሙሉ በፍጆታ ይሁን። ሕጉም አንድ አባል ሊይዘው በሚችለው ዕጣ ላይ ጣሪያ አለው። ድምፅ ደግሞ 50 ዕጣ ያለውም 5 ዕጣ ያለውም አንድ ነው። ይህ በምንም መልኩ አይደራደሩበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው በየመንደሩ የሚያጣላ ነገር ስለሆነ ረጋ ብላችሁ እዩት። አባሉ ማን ነው? ቤቱን የሠራው ወይስ መብራቱን የሚከፍለው?

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ሰፈሮችን ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ግቢ ውስጥ አከራዩ ፊት ለፊት፣ ተከራዮቹ ከኋላ በተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች ይኖራሉ። ቆጣሪው አንድ ነው፤ በአከራዩ ስም ነው። በወሩ መጨረሻ አከራዩ ይሰበስባል። ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል፣ ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ አምፖል ብቻ ያለው ይህን ያህል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ተከራዮቹ የሚያዋጡት የጠቅላላውን ሒሳብ ትልቁን ክፍል ነው። ማኅበሩ ቆጣሪውን ብቻ ካየ በዓመቱ መጨረሻ መልሱን የሚወስደው አከራዩ ነው። ተከራዩ የከፈለው ለሌላ ሰው ተመለሰ። የአሜሪካኖቹ ማኅበራት ይህን በቀላሉ ፈትተውታል። አባል የሚሆነው አገልግሎቱ በስሙ የተመዘገበለት ሰው ነው፤ ተከራይ ይሁን ባለቤት ለውጥ የለውም። እህትዎ ራሷ ተከራይ ልትሆን ትችላለች፤ 412 ዶላሩ ግን የአከራይዋ አይደለም።

የእኔ ምክር ለየተከራዩ ቤት ንዑስ ቆጣሪ እንዲገባና ተከራዩ በአንድ ዕጣ አባል መሆን እንዲችል ነው። ቆጣሪው ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። ግን ከጭቅጭቅ ይርቃል፤ ማኅበሩም አባል ያበዛል። አከራዮች ቅር ሊላቸው ይችላል። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ባለቤቶች ስለሚሆኑ ጉዳዩ ሳይነሣ እንዳያልፍ እርስዎ አንሡት። ተከራይ የሌለበት ስብሰባ ስለ ተከራይ ገንዘብ ሲወስን እንዴት እንደሚወስን መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ ያለው የባትሪ ጉዳይ ነው። ከላይ በምሳሌው 1,080,000 ብር ወጪ ብያለሁ። በዚያ ውስጥ 90,000 ብር የባትሪ የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም ባትሪው ሲያረጅ ለመተካት በየዓመቱ የሚያዝ ገንዘብ፣ አስገብቻለሁ። ባትሪው 900,000 ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ያገለግላል ብዬ ነው። ይህ 90,000 ብር ዘንድሮ ከካዝና አይወጣም። ሒሳብ የማያውቅ ኮሚቴ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያየው ትርፍ ይመስለዋል። ትርፉ 120,000 ሳይሆን 210,000 ነው ብሎ ያውጃል። አባሉ ያጨበጭባል። ባትሪው ሲሞት ግን መተኪያው የለም። በሊድ አሲድ ባትሪ ከጀመራችሁማ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ችግሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በራችሁን ያንኳኳል። ፓኔሉ 25 ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ ባትሪና ኢንቨርተር ግን አብረውት አይሄዱም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዛሬውን ዋጋ ብቻ ይዞ መቆጠብ አይበቃም። በየዓመቱ የመተኪያውን ዋጋ ጠይቃችሁ ተቀናሹን አስተካክሉ። ይህን ገንዘብ በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጡት። ከትርፍ ጋር በአንድ ደብተር አይደር።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አሜሪካኖቹን እንዳለ አትቅዱ። ሃያ ዓመት መጠበቅ ዶላር ላይም ቢሆን ይጎዳል። ብር ላይ ደግሞ ገንዘቡን ይበላዋል። የዋጋ ንረቱ በዓመት 20 በመቶ ነው ብለን እናስብ። ዛሬ የተመዘገበልዎት 1,000 ብር ከ10 ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ 160 ብር ገደማ የሚገዛውን ነው። ከ5 ዓመት በኋላ 400 ብር ገደማ፣ ከ3 ዓመት በኋላ 580 ብር ገደማ። እንጀራ ጋጋሪዋ ጤፍ የምትገዛበትን ገንዘብ 10 ዓመት ይዞ አምስት አንድ እጁን እንኳ የማይሞላ ነገር መመለስ ግፍ ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በላይ አትያዙ። ግማሹን በዚያው ዓመት በካርድ ላይ ሙሉላቸው። ግማሹን እስከ ሦስት ዓመት አቆዩት። ማኅበሩ ከዚያ በላይ ካፒታል ካስፈለገው በግልጽ ይጠይቅና አባሉ በፈቃዱ ተመላሹን ወደ ዕጣ ይለውጠው።

መጠባበቂያውንና በስም የተመዘገበውንም አታምታቱ። መጠባበቂያው የማንም ስም የለበትም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ለማኅበሩ የሚደርስ ነው። በስም የተመዘገበው ግን የአባሉ ነው፤ ማኅበሩ ዕዳ አለበት። ለዓመታት ሒሳብ ስመረምር ካየኋቸው የሸማቾች ማኅበራት መካከል ትርፉን በሙሉ «ለማስፋፊያ» በሚል አንድ መስመር ያስቀመጠ ነበር። ማኅበሩ እንደ ሌባ አልሠራም፤ ገንዘቡም አለ። የማን እንደሆነ ግን መዝገብ ላይ የለም። ሰፈሩን ለቀው የወጡ አባላት «የኛስ?» ብለው ሲመጡ የሚታይ ወረቀት ጠፋ። ለዓመታት ከዚያ ሱቅ የገዙ እናቶች የዕጣቸውን መነሻ ገንዘብ ብቻ ተቀብለው ሲሄዱ ማየት ያንገበግባል። እናንተ አንድ መዝገብ ይኑራችሁ፦ የአባሉ ስም፣ ዓመቱ፣ ለመብራት የከፈለው፣ የተመዘገበለት፣ የተመለሰለት። ከኦዲት በኋላ ለእያንዳንዱ አባል የራሱን መስመር የያዘች ቁራጭ ወረቀት ስጡት፤ ወይም በስልኩ በጽሑፍ መልእክት ላኩለት። የእህትዎ ወረቀት በቃ ይኸው ነው።

ኪሳራ ቢመጣስ? መጀመሪያ መጠባበቂያው ይሸፍነዋል። በዚያ ዓመት ለማንም አዲስ ነገር አይመዘገብም። ያለፉት ዓመታት የተመዘገበው ግን ጠቅላላ ጉባኤው ሳይወስን አይነካም። ይህን ደንቡ ውስጥ ጻፉት።

ፈቃድንም አትርሱ። ኃይል አመንጭቶ ለሌላ ሰው መሸጥ፣ ለጎረቤትም ቢሆን፣ ፈቃድና የጸደቀ ታሪፍ ሊጠይቅ ይችላል። እናንተ ያላችሁት ደግሞ ዋናው መስመር በደረሰበት አካባቢ ነው። ፓኔል ከመግዛታችሁ በፊት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ለኅብረት ሥራ ምዝገባው ደግሞ የከተማችሁን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት። አሁን በሥራ ላይ ያለውን አዋጅ ቁጥር 985/2009 ራሱን ከፍታችሁ የትርፍ ክፍፍሉን አንቀጽ አብራችሁ አንብቡ። ስለ መጠባበቂያውና ከትርፍ ላይ ስለሚቀነሱት ሌሎች ነገሮች ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዘው የሚሄዱት ረቂቅ ይህን ይመስላል። ቃሉን እንደ ሰፈራችሁ አስተካክሉት፦

«በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ ከተጣራው ትርፍ ላይ በሕግ የተወሰነው መጠባበቂያ ይቀነሳል። ከቀረው ውስጥ ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነው፣ ከ20 በመቶ ያልበለጠ፣ በዕጣ ልክ ይከፋፈላል። የተረፈው በሙሉ እያንዳንዱ አባል በዓመቱ ለኃይል በከፈለው ገንዘብ መጠን ተሰልቶ በስሙ ይመዘገባል። ከተመዘገበው ግማሹ ኦዲቱ ከጸደቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በካርድ ላይ ይሞላል ወይም በጥሬ ይከፈላል፤ ግማሹ ከተመዘገበበት ዓመት አንሥቶ 3 ዓመት ሳያልፍ ይመለሳል። ሰፈሩን የለቀቀ አባል ወይም የሞተ አባል ወራሽ ያልተመለሰለትን ሙሉውን፣ ሳይቀነስበት፣ በ6 ወር ውስጥ ይወስዳል። አባል ማለት ቆጣሪው በስሙ የተመዘገበለት ሰው ነው፤ የቤት ባለቤትም ተከራይም ሊሆን ይችላል።»